በጎረቤቴ ሳሎን ያለፈው ካሚዮን

ባሌ ከአባቱ ሁለት ነገር ወርሷል፤ ግትርነትና ካሚዮን። ግትርነቱ እስካሁን ደህና ነው። የምጽፈው ስለ ካሚዮኑ ነው።

ጣሊያን ለጦርነት ይዞት የመጣ፣ ሰዉ ትሬንታ ኳትሮ የሚለው፣ አፍንጫው የረዘመ የጭነት መኪና ነው። ወታደርና ጥይት ሲያመላልስበት ቆይቶ፣ ሲሸነፍ ጥሎት ሄደ። አማቴ ያኔ ጎረምሳ ነበሩ። የጣሊያኑ ሾፌር ረዳት ሆነው መንዳት የተማሩት በእሱ ነው፤ በኋላም እንደምንም ብለው የራሳቸው አደረጉት። እህል ጫኑበት፣ ማገዶ ጫኑበት፣ ልጆች አሳደጉበት። ያበላ ብረት ይመሰገናል፤ ይኼን አልክድም።

እኔ አግብቼ ልደታ ስገባ ግን ካሚዮኑ ቆሟል። መለዋወጫ ጠፋ ተባለ። አማቴ በየጠዋቱ እየዞሩ ጎማውን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉ ነበር፤ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው። እሳቸው ሲያርፉ መጠየቁን ባሌ ቀጠለ።

ግቢያችን ድሮ ሰፊ ነበር ይላሉ፤ ካሚዮን ገብቶ ይዞርበታል። ከዚያ ቀበሌው ከፊት ለፊት ቤት ሠራ። በጎንም በጀርባም ሰው ተጠጋ። አጥር ተነሣ፣ ኩሽና ተቀጠለ። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣን ቀጭን መተላለፊያ ሆኗል፤ ዘንቢል የያዘ ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍበትም። አንድ እንግዳ ካሚዮኑን አይቶ፣ «ይኼን በየት አስገባችሁት?» አለኝ።

«እዚሁ ተወልዶ ነው» አልኩት።

አማቴ እምቢ ማለት አያውቁም ነበር። የቆመ መኪና ዕቃ ለምን ይበላሻል እያሉ ለጎረቤት ያውሱታል። ሲያውሱም «ለጊዜው» ይላሉ። በሰፈራችን «ለጊዜው» ማለት አንድ ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ እስኪዳር ድረስ ነው። የመጠባበቂያው ጎማ ቸርኬ ለትምህርት ቤቱ ደወል ተዋሰ፤ ዘበኛው በብረት ሲመታው እስከ ሰንጋ ተራ ይሰማል። የካቢናው መቀመጫ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ የተራ መጠበቂያ ሆነ። የሞተሩ ክዳን የዶሮ ቤት ጣራ ሆነ። የናፍጣው ታንክ አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ጋ ሄደ። እሷ የወሎ ሰው ናት፤ ባሏ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጨርቅ ይሸጣል። ታንኩን አጥባ አጥባ የናፍጣውን ሽታ ካስለቀቀችው በኋላ የውሃ ማጠራቀሚያ አደረገችው። ቧንቧ በጠፋ ቁጥር የእሷንም የእኔንም ልጆች ልብስ ያጠብነው በዚያ ታንክ ውሃ ነው።

የጎንና የጎን ሳንቃዎቹ፣ ስፖንዳ የሚባሉት፣ የትም አልሄዱም። እኛው ቤት ነበሩ። አልጋችን ከእነሱ ነው የተሠራው።

ሰፈሩ ሊፈርስ ነው የተባለው እንግዲህ ኑሯችን በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ነው። ኮንዶሚኒየም ይሠራል፤ ለነዋሪው በዕጣ ቤት ይሰጠዋል። አዳራሽ ጠርተው አስረዱን። ሰዉ ያለቅሳል፣ ይጠይቃል፣ እንደገና ያለቅሳል። የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽሩን እያወለቀ እየጠረገ ለሁሉም «ይታያል» ይላል። በዚህ መሐል ባሌ እጁን አወጣ። ስለ ቤታችን ሊጠይቅ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ቀና አልኩ።

«ካሚዮን አለኝ» አለ።

አዳራሹ ሳቀ። ሲያለቅሱ የነበሩትም ሳቁ።

«ይሄዳል?» አለው ሰብሳቢው።

«ይሄዳል።»

«በየት በኩል?»

«ፊት ለፊት ያሉት ቤቶች ሲፈርሱ መንገድ ይከፈታል።»

ሳቁ ቆመ። ፊት ለፊት ያሉት ቤቶች ባለቤቶች እዚያው ተቀምጠዋል። አንዷ ከኋላ ተነሥታ፣ «እኛ ቤታችን ሊፈርስ እንነፋረቃለን፣ ለሱ አውራ ጎዳና ተከፈተለት!» አለች። ጎረቤቴ በክንዷ ጎሰም አድርጋኝ፣ «የመጀመሪያው አውራ ጎዳና በእኔ ሳሎን ነው የሚያልፈው» አለችኝ በሹክሹክታ። እውነቷን ነው። የእሷ ቤት ነው በእኛና በመንገዱ መካከል ያለው።

ሰብሳቢው ነገሩን እንዲህ ብሎ ቆረጠው፦ ግቢ ውስጥ ቀርቶ የተገኘ ብረት ከፍርስራሹ ጋር ይነሣል፤ ካሚዮኑም ተቆራርጦ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል። ካልሆነ ዶዘሩ እኛ ቤት ከመድረሱ በፊት ይውጣ። አንድ ደግ ሰው፣ «በገመድ ጎትቶ ማውጣትም ይቻላል እኮ» አለ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት። ባሌ ግን የአባቱ ልጅ ነው።

«በገመድ የሚጎተት የሞተ በሬ ነው» አለ። «እሷ በራሷ ሞተር ትወጣለች። በራሷ ካልወጣች ቁረጧት።»

ሰብሳቢው መነጽሩን አጠለቀ። «ሰማችሁ አይደል?» አለ ለሰዉ። ሰዉ ሰምቷል። ሰዉ እንዲህ ያለውን ነገር ሳይሰማ አያልፍም።

ቤት ገባን። እሱ ወዲያው ወጥቶ ካሚዮኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

በማግስቱ ጓደኛውን ይዞ መጣ፤ ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው። ሁለቱ ከሥሩ ገብተው የሚታየኝ አራት እግር ብቻ ሆነ። የሰፈሩ ወንድ በሙሉ ሊያይ መጣ። ልደታ ውስጥ ሞተር አላውቅም የሚል ወንድ የለም። የሚያውቅም የለም። አንዱ ዘይት ነው ይላል፤ አንዱ አየር ነው ይላል፤ አንዱ የጣሊያን ሞተር በአማርኛ ካልተሳደቡት አይነሣም ይላል። ይኸኛው ሳይሻል አልቀረም፤ መካኒኩ ምክሩን ወዲያው ተቀበለው። እኔ ልጆቼን ወደ ውስጥ አስገባሁ።

ባሌ ለካሚዮኑ ሲያወራ እሰማዋለሁ። «አይዞሽ የኔ እናት፤ ትንሽ ነው የቀረሽ» ይላል። ከተጋባን ጀምሮ እኔን እንዲህ ያለኝ በምጥ ላይ ሆኜ ብቻ ነው።

የተዋሱት ዕቃ አንድ በአንድ ይመለስ ጀመር። ሰው ሰፈር ሲለቅ የሰው ዕቃ ይዞ መሄድ አይወድም። ፀጉር አስተካካዩ መቀመጫውን አመጣ፤ ስፕሪንጉ በሦስት ቦታ ብቅ ብሏል። «ስንቱን የተከበረ ሰው አስቀምጫለሁ መሰላችሁ» አለ። በጨርቅ ጠቅጥቄ ሰፋሁት። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቸርኬውን በትከሻው ተሸክሞ መጣና አላስረክብም ብሎ ቆመ።

«በምን ልደውል ታዲያ?» አለ።

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። ዘበኛው የትልቁን ድስቴን ክዳን ይዞ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ሲደውል ወጥ የደረሰ ይመስለኝ ነበር።

የሞተሩ ክዳን ከነኩሱ መጣ። አጠብኩት።

እዚህ ያልተገኘውን ከምናለሽ ተራ ለቀሙ። የናፍጣ ፖምፑ ከወፍጮ ቤት ሞተር የተነቀለ ነው። መብራቱ አንዱ የአውቶቡስ፣ አንዱ የትራክተር ነው፤ ከፊት ሲያዩት አንድ ዓይኑን የጠቀሰ ይመስላል። መሪውን የት እንዳገኙት አልጠየቅሁም። ሥራው እየተገባደደ ሲመጣ፣ ጣሊያኖቹ ራሳቸው ቢያዩት የእኛ ነው አይሉም ነበር።

አንድ ቀን ከቅዳሴ ስመለስ ባሌን መኝታ ክፍል አገኘሁት። ብሎን መፍቻ ይዟል።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«ስፖንዳዋን ልፈታ።»

«እኛስ?»

«ፍራሹ አለ።»

የአልጋውን ልብስ አነሣሁለት። ምን ልበል? ስንጋባ ሽማግሌዎቹ አልጋችሁ ይባረክ ብለው መርቀውን ነበር። አልጋው የማን እንደሆነ ያኔ የነገረኝ የለም። መሬት ተኛን። ጀርባዬ ግን ተሻለው፤ እሱንም ተመስገን ብያለሁ።

የዚያን ዓመት ግንቦት ልደታን ያከበርነው በካሚዮኑ ዙሪያ ነው። ልደታ የሚከበረው ደጅ ነው፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ከካሚዮኑ የተረፈ ደጅ የለም። ንፍሮውን ቀቅለን ሴቶቹ በካቢናው መውጫ ረገጫ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ጎረቤቴም እንደ ሁልጊዜው ስንዴዋን ይዛ መጣች። እሷ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም ለልደታ ደጅ ይወጣል። «ልደታማ የሁላችንም ናት» ትላለች። ስንበላ ሳለ ዕጣ የት እንደደረሰን ተነጋገርን። እኛ እዚሁ አካባቢ ነው፤ እሷ ጀሞ ወጥቶላታል። ጀሞ የት ነው ብላ ጠየቀች። ማንም በደንብ አያውቅም ነበር። አንዷ፣ «ከዓለም መጨረሻ ትንሽ መለስ ብሎ» አለች። ሳቅን። ጎረቤቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም።

እሷ ቤቷን የለቀቀችው ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ከሁሉ አስቀድማ ታንኩን መለሰች። ሁለት ተሸካሚ ፊት ፊት እየሄደ፣ እሷ ከኋላ። በአመድ ፈትጋ፣ በፀሐይ አድርቃ፣ አፉን በንጹህ ጨርቅ አስራዋለች። ማስረከብ ያለባት በሁለት እጇ ስለሆነ፣ ተሸካሚዎቹን አስቁማ ታንኩን በሁለት እጇ ነካ አድርጋ ሰጠችኝ።

«ይኸው፤ አማትሽ ለጊዜው ያሉኝ» አለች። «ጊዜው ደረሰ።»

ሁለታችንም ወደ ሥራችን ተመለስን። ቆመን ብንተያይ ደግ አልነበረም።

ታንኩን ቶሎ አልገጠሙትም። መካኒኩ ሞተሩን የሚሞክረው ካቢናው ላይ ባንጠለጠለው ጀሪካን ነበር፤ ናፍጣው በቀጭን ቱቦ ይወርዳል፤ የሐኪም ቤት ግሉኮስ ይመስላል። በዚያው ግሉኮስ ሞተሩ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተነሣ። እሪ አለ፤ ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞላው፤ ያጠብኩት አንሶላ ጠቆረ። ባሌ አለቀሰ። ከጭሱ ነው አለ። ጭሱ ነው አልኩ እኔም።

ዶዘሩ የጎረቤቴን ቤት አፍርሶ እኛ አጥር ሥር ሲደርስ፣ በማግስቱ እንድንወጣ ተነገረን። ያን ዕለት ታንኩን ገጠሙ፣ ናፍጣ ሞሉ። ካሚዮኑ የሚሄደው ሰበታ፣ የባሌ እህት ግቢ ነው። እሷም እንደ አባቷ እምቢ ማለት አታውቅም፤ እግዜር ይርዳት።

ጠዋት የንስሐ አባታችን መጥተው ጠበል ረጩለት። ባሌ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ጠበቃቸው። ለራሱ ጠበል ና ሲሉት ጉልበቴን ያመኛል የሚል ሰው፣ ለካሚዮኑ ከሌሊት ጀምሮ ታጥቦ ቆሟል። አባታችን ከፊት ረጩ፣ ከኋላ ረጩ፣ «ስንት ጎማ ነው ያለው?» ብለው ጠየቁና ሁሉንም አዳረሱ። ከዚያ መስቀላቸውን አሳልመው ፈንጠር ብለው ቆሙ። እምነት አላቸው፤ ግን ፈንጠር ብለው ቆሙ።

ባሌ አጥራችንን በገዛ እጁ ገፍቶ ጣለው። ከፊታችን የጎረቤቴ ቤት ነበር፤ ማለቴ ወለሉ። ግድግዳው የለም፤ ጣራው የለም። አረንጓዴ ቀለም የተቀባው የሳሎኗ ሲሚንቶ ብቻ ፀሐይ እየመታው ተዘርግቷል። እሷ የተረፈ ዕቃዋን፣ በሯንና ቆርቆሮዋን ልትወስድ መጥታ ዳር ላይ ቆማለች። ከሷ አጠገብ የኮሚቴው ሰብሳቢ አለ። ከሰብሳቢው አጠገብ አንድ ሰውዬ የጋዝ ሲሊንደር ደገፍ ብሎ ተቀምጧል። ብረት ቆራጭ ነው። ማን እንደጠራው ያልገባው ሰው አልነበረም።

ሞተሩ ተነሣ። ካሚዮኑ ተንቀጠቀጠ፣ ተንቋቋ፣ ከዚያ ሄደ። በእግዚአብሔር፣ ሄደ። አጥራችንን ረግጦ ወደ ጎረቤቴ ሳሎን ገባ።

«ጫማችሁን አውልቁ!» ብላ ጮኸች ጎረቤቴ። «ዛሬ ነው የወለወልኩት!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ካሚዮኑ ሳሎኑ መሐል ሲደርስ አንድ ጊዜ ሳል አለ። ሁለተኛ ሳል አለ። ከዚያ ጸጥ።

ባሌ ደጋግሞ ሞከረ። ይሽከረከራል፤ አይነሣም። መካኒኩ ክዳኑን ከፍቶ አንገቱን አስገባ። ምክር ሰጪዎቹ እንደ ንብ ወረዱ። አየር ነው፤ ፖምፑ ነው፤ ዘይት ነው። አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሰው ዓይኑን ጥሎባት ነው» አለ። ከጦርነት የተረፈች፣ ከዶሮ የተረፈች ካሚዮን ልደታ ላይ ዓይን በላት!

የዶዘሩ ነጂ ወርዶ መጣ። ጎልማሳ ነው፤ ሰው አክባሪ።

«አባቴ፣ ልጎትትልዎት?» አለው ባሌን። «በአንድ ገመድ አሁኑኑ አስፋልት ላይ አወጣዎታለሁ።»

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «በራሷ ሞተር ነው የተባለው» አለ። «ራሱ ነው ያለው። ሕዝብ ሰምቷል።»

«አትጎትታትም» አለ ባሌ።

«እንግዲያው ምሳዬን እስክጨርስ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሥራዬን ልሥራ አባቴ፤ እኔንም ይቆጡኛል» አለና ነጂው ምሳውን ሊበላ ሄደ። ቆራጩ የጋዙን ቧንቧ ይፈታ ጀመር። ቀስ ብሎ ነው የሚፈታው፤ ችኩል ሰው አልነበረም።

ባሌ ረገጫው ላይ ተቀመጠ። ብዙ ሲናደድ አይቼዋለሁ፤ ብዙ ሲኮራም አይቼዋለሁ። እንዲህ ሆኖ ግን አይቼው አላውቅም። እጁ ጭኑ ላይ ተዘርግቶ፣ የአባቱን ሬሳ ያጠበ ቀን እንደነበረው። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለእመቤቴ በሆዴ ነገርኳት። «አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ይኼን ብረት አልወደውም። እሱን ነው የምወደው» አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ቃል ሲበዛ ልመና አይሆንም፤ ክርክር ይሆናል።

መካኒኩ ከሥር ወጣ። «አይገባኝም» አለ። «ታንኩ ሙሉ ነው። ቱቦው ደግሞ ደረቅ ነው። ናፍጣው አይወርድም።»

ጎረቤቴ ስትሰማ ነበር። ቀስ ብላ ጠጋ አለች። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ስንዴውን አውጥታችሁታል አይደል?» አለች።

መካኒኩ ዞሮ አያት። «የምን ስንዴ?»

«የታንኩን ነዋ።»

«ታንክ ውስጥ ምን ስንዴ አለ?»

«እኔ ያደረግሁት!»

ምክር ሰጪዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ታንክ ውስጥ ስንዴ ጨመርሽበት?» አለ ባሌ። ድምፁ ቀጥኗል።

«ታዲያ የሰው ዕቃ ባዶውን ልመልስ ጋሼ? ስድ አድርገው ነው የሚያዩኝ?» አለች። ተቆጥታለች። «ይኼን ሁሉ ዘመን ውሃ ጠጥቼበት፣ ልጆቼን አጥቤበት፣ ጎረቤት ስለያይ ባዶ ታንክ ላስረክብ? ወላሂ አላደርገውም!»

«ታንክ እኮ ነው!»

«ዕቃ አይደለም? ወንፊት ሲሆን ዕቃ፣ ታንክ ሲሆን ዕቃ አይደለም?»

መካኒኩ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ስንት ነው ያደረግሽበት?»

«ምን አላት፤ እፍኝ ናት» አለች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ሁለት እፍኝ። አንዷ ለእሳቸው ነፍስ ናት፤ ላዋሱኝ።»

እኔ ሳቅሁ። ባሌ እንዲህ ተቀምጦ፣ ቆራጩ ቧንቧውን ፈትቶ ጨርሶ፣ እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ቤቷን ከመልቀቋ ከሁለት ቀን በፊት የሷን ሰፌድ ስመልስላት ምስር አድርጌበት ነበር። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ እናቶቻችን ያሳደጉን እንዲህ ነው። የሚያሳዝነው እናቶቻችን ስለ ናፍጣ ታንክ የነገሩን ነገር አለመኖሩ ነው። ጨርቁን ፈትቶ ወደ ውስጥ ያየ አንድም ወንድ አልነበረም። ያን ሁሉ ሞተር ዐዋቂ!

ከዚያ ሥራ ሆነ። ጎረቤቴ ከዕቃዋ መካከል የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን አመጣች፤ ናፍጣውን ወደ እሱ ገለበጡት። ስንዴው ከናፍጣው ጋር ወረደ፤ ናፍጣ ለብሶ፣ ጠቁሮ። ባሌ በነጠላዬ ላጥልለው ሲል አየሁትና የሱን ሸሚዝ አስወለቅሁት። መካኒኩ ቱቦውን ነቅሎ አፉ ላይ አድርጎ ነፋ። ጉንጩ አበጠ፣ ዓይኑ ቀላ፤ አልሄደም። እንደገና ነፋ። ጡፍ ብሎ አንድ ፍሬ ወጣና የሰብሳቢው ኮት ላይ አረፈ። ሰብሳቢው አላራገፈውም። ፍሬውን በጣቱ አንሥቶ እያገላበጠ አየው፤ ማስረጃ ይመስል።

ነጂው ጥርሱን እየፋቀ ተመለሰ። ዶዘሩ ላይ ወጣ። ሞተሩን አስነሣ፤ ነገር ግን አልተንቀሳቀሰም። ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ ተቀመጠ። ያቺን ትንሽ ጊዜ የሰጠን እሱ ነው፤ ባለበት እግዚአብሔር ይስጠው። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። ቆራጩ ክብሪት ጠየቀ። ለቆራጩ ክብሪት የሰጠው ሰው አልነበረም፤ ሲያጨስ የነበረው ሁሉ ድንገት ኪሱን እየዳበሰ «የለኝም» አለ። ከሰፈራችን ያየሁት የመጨረሻ አድማ ይኼ ነው፤ ሰፈር የሚያምረውም በዚህ ነው።

የተጠለለውን ናፍጣ መልሰው ሞሉት። ባሌ ያለ ሸሚዝ ወጥቶ መሪውን ያዘ። ከዚያ ወደ እኔ አየ። «ግቢ» አለኝ። ገባሁ።

ተሽከረከረ። አልተነሣም። ተሽከረከረ። በሦስተኛው አጉረመረመ፤ ከዚያ እንደ ነጎድጓድ ጮኸ። ጭሱ ሰብሳቢውን ከነመነጽሩ ዋጠው። ቆራጩ ከጭሱ ውስጥ ሲወጣ ሲሊንደሩን ታቅፎ፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ፤ የቀብር ድምፅ ነበር። ካሚዮኑ የሳሎኑን ወለል ጨርሶ፣ የመኝታ ቤቱን አልፎ፣ ዶዘሩ ባስተካከለው አፈር ላይ እየተንገዳገደ አስፋልቱ ላይ ወጣ። ዘወር ብዬ አየሁ። አባታችን አሁን ወደ ፊት ተጠግተው ቆመዋል፤ በመስቀላቸው ያማትባሉ።

ባሌ ጥግ ይዞ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀ። ጎረቤቴ እየሮጠች መጣች።

«ሰበታ አይደል የምትሄዱት? ጀሞ መንገዳችሁ ነው!» አለች። «ቆርቆሮዬንና በሬን አድርሱልኛ። ሳሎኔ ገብታችሁ በባዶ እጃችሁ ልትሄዱ ነው?»

ሲስቁብን የነበሩት ወንዶች ተረባርበው ጫኑላት። ቆርቆሮው፣ በሩ፣ ሳፋው። የአልጋችን ስፖንዳ ተዘጋ። ባሌ ቀንድ ያወጣ ያህል ኮርቶ ነበር፤ ያለ ሸሚዝ መሆኑን ረስቶታል። ጎረቤቴ ከጎኔ ወጣች። ሦስታችን ፀጉር አስተካካዩ በመለሰው መቀመጫ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። እሷ እጄን ያዘች። ከዚያ በኋላ ጀሞ እስክንደርስ አልለቀቀችውም።

ትንሽ እንደሄድን የልደታ ቤተ ክርስቲያን ታየ። እኔ ሳልሳለም አልፌው አላውቅም። ባሌ ይኼን ያውቃል። እግሩ ፍሬኑ ላይ ነው፤ ግን አይረግጠውም።

«ያቁሙላት እንጂ ጋሼ» አለች ጎረቤቴ። «ትውረድና ትሳለም።»

«ካቆምኳት ላትነሣ ትችላለች» አለ። እያፈረ ነው የተናገረው።

በመስኮቱ አማተብኩ። «ተመስገን» አልኩ።

«ሂድ» አልኩት ከዚያ። «እመቤቴ የቆመ መኪና አይታ ጠግባለች።»